ጋሽ ቆዩና የግንበኛው ጭንቅላት

«እኔ የምልህ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ጭንቅላት ነው። ጉልበት ቢሆን እሺ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ሸኘው እልህ ነበር። ብሎኬት ያረፈበት ጭንቅላት ይዤልህ ብመጣ አግዳሚ ላይ ቁጭ በል ትለዋለህ? አግዳሚማ እኛም ጋ ሞልቷል። ራጅ አንሳው ነው የምልህ። አንሳውና ደህና ነው የሚል ወረቀት ስጠኝ፣ ሲሚንቶው እየደረቀብኝ ነው።»

ይሄ ፎርማኑ ነው። ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከቀበቶው በታች ነው የሚነሳው፤ እንደ ሲሚንቶ ማቡኪያ መጀመሪያ ያጉረመርምና ከዚያ ባንዴ ይገለብጠዋል። ድንገተኛ ክፍል የተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ ጥርሱን ያመመው ሳይቀር፣ የራሱን ሕመም ትቶ እሱን ይሰማል። እኔም ከካርድ ክፍሉ መስኮት አንገቴን አውጥቼ ነበር። መስኮቴ ከድንገተኛው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ባልፈልግም እሰማለሁ። ደግሞ እፈልጋለሁ፣ ምን አስዋሸኝ።

ጋሽ ቆዩ ቀና አላለም። የግንበኛውን ዓይን በባትሪ እያየ ነበር፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። ጆሮውንም ጎተት አድርጎ አየው። ሲጨርስ ባትሪውን ደረት ኪሱ ከተተና፣ «ራጅ አያስፈልገውም» አለ። «እስከ አሥር ሰዓት ይቆይ።»

ፎርማኑ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑን ነገረው። ጋሽ ቆዩም ሰዓት ማንበብ እንደሚችል ነገረው።

ቆዩ ስሙ አይደለም። እውነተኛ ስሙ የወሩ ተራ ሲወጣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ውጭ ግን የሚጠራው የለም፣ ሚስቱ ራሷ ስልክ ስትደውል «ቆዩ አለ?» ነው የምትለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጤና መኮንን ሆኖ እዚህ ክሊኒክ ሲሠራ ከአፉ አብዝቶ የወጣው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የመጣ ሰው ሁሉ ራጅ ይለምነዋል፣ እሱ ደግሞ «ቆዩ» ይላል። ድምፁን ላሰማችሁ ብል፣ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁት ያልተቆጣ፣ ግን መልሶ መተኛት የሚፈልግ ሰው አስቡ። እንደዚያ ነው።

ደክሞታል እኮ፣ ምን ያድርግ። እግሩ ያብጣል። ከረፋድ በኋላ አንድ ጫማውን ከጠረጴዛው ሥር ያወልቅና፣ በሽተኛ ሲመጣ በጣቱ እየፈለገ ያጠልቀዋል። ሁለተኛ ሰው ይቀጠርልሃል ከተባለ አራት ዓመት ሆነው፤ ያ ሰው እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ሚስቱ ማጫወት ትወዳለች፣ እኔ መስማት እወዳለሁ፣ ስለዚህ እንዋደዳለን። አንድ ቀን የወጥ ቤት መደርደሪያ ግንባሯን መታትና ይሄ ሰውዬ በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣ «ዛሬ ምን ቀን ነው? ቁርስ ምን በላሽ?» እያለ ሲያፋጥጣት ዋለ። በአምስተኛው ጊዜ ጭልፋ ወረወረችበት። «እሱ ደስ አለው» አለችኝ። «ዒላማዋ ደህና ነው ብሎ ተወኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ራጅ ይወዳል። ራጅ የሚያዝ ነገር ነው፣ ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ የሚታይ፣ ለዘመድ የሚገለጥ። እሱ ግን ለሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ እኔ በቃሌ ስለያዝኩት እሱ ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ እኔ እልላቸዋለሁ። «ራጅ ሳጥኑን ነው የሚያይልህ፤ ውስጥ ያለው ብርጭቆ መሰበር አለመሰበሩን አይነግርህም።» አጥንት ነው የሚያሳየው ለማለት ነው፣ አንጎል አያሳይም። ስለዚህ ይጠይቃል። ራስህን ስተህ ነበር? ደጋግሞ አስታወከህ? የተመታህበትን ሰዓት ታስታውሳለህ? እጅህ ዛለ? ከጆሮህ ወይ ከአፍንጫህ ደም ወይ ውሃ ወጣ? አንዷ እንኳ አዎ ከሆነች ራጁን ዘልሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይልካል፣ ውስጡን የሚያሳየው ሲቲ ስካን እዚያ ስላለ። ሁሉም አይ ከሆነ ደግሞ አግዳሚው አለ። ዝም ብሎ እምቢ የሚል ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሚስማር የገባበት ወይም በጣት ሲነካ ጎድጎድ ያለ ጭንቅላት ሲመጣ አንዳንዴ ራሱ ያዝዛል።

ራጅ አንሺያችንን ጨለማው ነው የምንለው፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ዓይኑ ስለሚያለቅስ። እሱ ደግሞ በአፍንጫው ነው የሚያወራው። «ሳንቲም የዋጠ ሕፃን አምጡልኝ፣ እሱን ባንዴ አሳያችኋለሁ። ራስ ቅል አታምጡብኝ፣ እሱ የመስመር ጫካ ነው።» ይላል እንጂ፣ ሰው ከጮኸበት ያነሳል። «አንዴ ጠቅ ላርገውና እንገላገል» ነው የሱ ፍልስፍና።

ጋሽ ቆዩም ድሮ እንደዚያው ነበር። ይሄንን ከሚስቱ አይደለም የሰማሁት፣ እዚሁ ሆኜ ነው ያየሁት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ የብስክሌት ጠጋኝ ከደረጃ ወድቆ መጣ። አራት ወንድሞች አሉት፣ አራቱም ባንድ ላይ ነው የሚናገሩት። ጋሽ ቆዩ ሌት አድሮ፣ ቀን ውሎ፣ ሰውነቱ ዝሎ ነበርና የማዘዣ ወረቀቱን ጽፎ ሰጣቸው። ፊልሙ ንጹህ ወጣ። ወንድሞቹ ፊልሙን ሳሙት፣ ማርያምን፣ ዓይኔ እያየ። ቤት ወስደው ጎረቤት እንዲያየው መስኮት ላይ ለጠፉት። ማታ ሰውዬው ሁለቴ አስታወከና እንቅልፍ ያዘው። ሚስቱ እንመልሰው ስትል፣ ወንድሞቹ ፊልሙን እያሳዩ፣ ንጹህ ነው ተብሏል፣ ይረፍበት አሏት። አልነቃም።

ከዚያ ወዲህ ነው አግዳሚው የመጣው። ከመጋዘን ራሱ ጎትቶ አምጥቶ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት አስቀመጠው። «ፊልም የያዘ ሰው መጠበቅ ያቆማል» አለኝ ያን ቀን። 

ወደ ግንበኛው ልመለስ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከነበረ ክምር አንድ ብሎኬት ተንሸራቶ ነው ያገኘው፣ የተሰበረ ግማሽ ብሎኬት። እዚያ ሥራ ቦታ ሰው ሲመታ ሥርዓት አላቸው፤ ማንም ምንም ሳይጠይቅ አንዱ የሲሚንቶ ውሃ የሚቀዳበትን ባልዲ አንስቶ አናቱ ላይ ይደፋበታል። ለደንባራም፣ ለሰካራምም፣ ለተመታም አንድ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሰውዬው ሲደርስ እስከ ቀበቶው በስብሶ፣ ከጠጉሩ ነጭ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ራስህን ስተህ ነበር ሲባል፣ «ትንሽ ጨለም አለብኝ፣ ከዚያ ባልዲው አበራልኝ» አለ። ቀልደኛ ነው፤ አልሳትኩም ለማለት ነው። ጋሽ ቆዩ ጆሮውን ባትሪ አብርቶ ሲያይ እርጥብ ነበር። «ባልዲው ነው» አለ። ሰምቼዋለሁ።

የግንበኛው ሚስት ከገበያ ቀጥታ ነው የመጣችው። ቀጠን ያለች፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ባሏን ከማስቀመጧ በፊት አግዳሚውን በሻርፗ ወለወለችው። ከዚያ እሱን ያዘችው፤ አንገቱን ታብሳለች፣ ጆሮውን ታብሳለች፣ ሸሚዙን ታራግፋለች። እሱም፣ «ተይኝ ልጅቷ፣ ሰው ፊት አትጠቢኝ» ይላታል። «ዝም በል፣ ሲሚንቶ ተለጥፎብህ ነው የምታሳፍረኝ» ትለዋለች። ፎርማኑ ሰባት ሰዓት ላይ መጥቶ እንደሚወስደው፣ ያን ጊዜ ማን እንደሚያስቆመው እንደሚያይ ተናግሮ ወጣ። በሩን ወርውሮት ሄደ፣ በሩ ተመልሶ ከኋላው ነካው።

በየግማሽ ሰዓቱ ጋሽ ቆዩ ከጠረጴዛው ይጠይቃል።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ። ካልለቀቅከኝ አርብ ይሆናል።»

አራት ሰዓት ላይ ሐሙስ፣ አራት ተኩል ላይ ሐሙስ። በመካከሉ ግንባሩ ያበጠ ሕፃን የያዘች እናት መጥታ ራጅ ይነሳልኝ፣ ለአባቱ የማሳየው ነገር ስጠኝ ብላ አለቀሰችበት። ልጁ የኔን ማህተም ለመብላት ይታገል ነበር። አስቀመጣት፣ ሁለት ሰዓት ጠበቀ፣ ልጁን አሳቀውና ሸኛት፤ ስትወጣ ረገመችው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሁለት የተፈነካከቱ ወንድማማቾች። ስድስት ሰዓት ላይ ሻይ አፍልቼ ባቀርብለት፣ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። አንድ ጫማው ወልቋል። ፊቱ የተጨመቀ ጨርቅ መስሏል።

ግንበኛው ስድስት ተኩል ላይ ሐሙስ ሲል ትንሽ ቆየ። ራሱን እንዳመመውም ተናገረ። ማን አያመውም አልኩ እኔ በልቤ፣ ብሎኬት ነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ፎርማኑ እንደዛተው መጣ። የዕቃ መጫኛ መኪና ይዞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ። ወይ ራጅ፣ ወይ ሰውዬውን ስጠኝ አለ። ራጁ ንጹህ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መወጣጫው ላይ ይፈልገዋል፤ ሰው ጎድሎበታል። ጨለማውም ጩኸቱን ሰምቶ ወጥቶ፣ ዓይኑን እያበሰ፣ «አንዴ ጠቅ ላርገውና እንገላገል» አለ። ሚስቲቱም ደከማት መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ አንሱትና ይለይለት እባክዎ» አለች።

ጋሽ ቆዩ ፊቱን በእጁ ጠረገ። ሲያስብ አይመስልም ነበር፣ ሲደክመው ነው የሚመስለው። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ የራጅ ማዘዣ ወረቀት አወጣና መጻፍ ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ጮኾበት ሲጽፍ አይቼው አላውቅም።  የዚህ ፊልም መጨረሻ ምን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል፤ ንጹህ ይወጣል፣ ፎርማኑ ይስመዋል፣ ሰውዬው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መወጣጫ ላይ ነው።

ማዘዣው የካርድ ቁጥር ይፈልጋል። ቀስ ብዬ ካርዱን ይዤ ሄድኩ፣ ቀስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሚስቱ እንድትፈርም ሰጠኋት። ለመፈረም ጎንበስ ስትል የሻርፗ ጫፍ ካርዱ ላይ አረፈና ቀለሙ ተበላሸ፤ ውሃ ነው። እኔ ደግሞ ካርዴን የነካብኝን ሰው ዝም አልልም።

«እህቴ፣ ይሄ ሻርፕ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የራሰው?»

«ጠዋት የደፉበት ውሃ ነው እኮ። በጆሮው ገብቶ፣ ስጠርገው ይወጣል፣ ስጠርገው ይወጣል።»

«ባልዲ ነው የደፉበት ወይስ ጉድጓድ?» አልኩ። ለቀልድ ነው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

የጋሽ ቆዩ እስክሪብቶ ቆመ።

ተነሳ፣ ባንድ ጫማው። የግንበኛውን ሸሚዝ ጨበጠ፤ ደርቋል፣ ሲሚንቶው ነጭ ዱቄት ሆኖ እጁ ላይ ቀረ። ጠጉሩን ዳሰሰ፤ ደርቋል። «ስንት ሰዓት ነው የደፉበት?» ብሎ ፎርማኑን ጠየቀው። ፎርማኑ ሦስት ሰዓት ገደማ አለ። ጋሽ ቆዩ ነጭ የቁስል ጎዝ ከጥቅሉ አውጥቶ ከጆሮው በታች ያዘ። ጠበቅን። ሞተሩ ውጭ ይንተከተካል። ጎዙ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ቀላ ያለች ነጥብ መጣች፣ ከዚያ በዙሪያዋ ጥርት ያለ እርጥበት እየሰፋ ሄደ፣ እንደ ቀለበት። ጆሮውን ወደ ፊት ሲያጥፈው ከኋላው ያለው ቆዳ መጥቆር ጀምሯል።

«ይሄ የባልዲ ውሃ አይደለም» አለ። «ከውስጥ ነው። አንጎሉ የሚቀመጥበት ውሃ ነው የሚፈሰው።»

ሚስቱ ሻርፗን አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮውን ስትጠርግበት የነበረውን። እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ፈጠነ። ትልቁ ሆስፒታል ደወለ፣ አምቡላንስ ጠራ፣ የግንበኛውን ራስ ከፍ አድርጎ አስደገፈው፣ ጆሮው ውስጥ ማንም ምንም እንዳይወትፍ፣ እንዳይናፈጥም አስጠነቀቀ። ማዘዣውን ቀደደው። ፎርማኑ ማቡኪያውን እንደገና ለማስነሳት ሞከረ፣ «ይኸው፣ ጠዋት ራጅ ብታነሳው ኖሮ» አለ፣ ግን ድምፁ አልገለበጠም። የመለሰለት ጨለማው ነው። «እኔ ባነሳው ንጹህ ነው ብዬ ነበር የምሰጥህ» አለው። «ከታች፣ መሠረቱ ላይ ያለ ስንጥቅ ለኔ ፊልም አይታይም። አንተም መሠረት ትሠራለህ፣ ከላይ ቆመህ ይታይሃል?»

ፎርማኑ ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ተመልሶ አግዳሚው ላይ ከግንበኛው ጎን ተቀመጠ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ። ግንበኛው «ዛሬ ሐሙስ ነው» አለው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ማክሰኞ የግንበኛው ሚስት መጣች። ሲቲ ስካኑ ስንጥቁን አሳይቷል፤ ውሃው ቆሟል፤ ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም፣ ግራ ጆሮው ግን ደንቁሯል፣ ይመለስ አይመለስ ገና አልታወቀም። «እሱ ግራ በኩል ስናገረው ደስ ብሎታል፣ አይሰማኝም» አለችና ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ጋሽ ቆዩን አመሰገነችው። እጁን ሁሉ ልትስም ነበር። እሱ እጁን ሰብስቦ፣ «ጠዋት አይቼው ነበር» አላት። እሷ፣ አይተው ነው እኮ ያዳኑት ብላ ሄደች። አልገባትም።

ይሄንን ታሪክ ከአሮጌ መዝገብ ጀርባ ላይ መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ለአዲሶቹ ሠራተኞች እናስነብበዋለን ብዬ፣ ደግሞ እንዲህ ላለ ሰው እዚህ ቤት አንድ ወረቀት ስላልተጻፈለት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰው ጋብ ሲል መጥቶ ከካርድ ክፍሌ ወንበር ላይ ዘፍ አለና ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። አነበብኩለት። ፎርማኑ ጋ ስደርስ አፍንጫው ሳቀ፣ አፉ አልሳቀም። ሚስቱ ጭልፋ የወረወረችበት ጋ፣ «እሷ ናት የነገረችሽ?» አለ። ጨርሼ ሳበቃ፣ «ባልዲው ነው ያልኩት የታለ?» አለኝ።

አልጻፍኩትም ነበር። ከላይ ያነበባችሁት እሱ ካለ በኋላ የገባ ነው። ምን ያደርጋል ጋሼ፣ መጨረሻው አምሯል አልኩት።

«አንቺ ካርድሽ ባይበላሽ ሄዶብን ነበር» አለ። እግሩን እያሸ ነው የሚያወራው። «እርጥብ ጆሮ አይቼ ምክንያት ሰጥቼ አለፍኩ። ሚስቱ ስትጠርገው እያየሁ እንኳ አልነካሁትም፤ ከወንበሬ ሆኜ ቀን ስጠይቀው ነው የዋልኩት። ቆዩ ማለት ብቻውን አይበቃም። የቆየውን ሰው ተነስቶ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ግን መነሳት ደክሞኝ ነበር።»

እሱንም ጻፍኩ። እሱን እየጻፍኩ እያለ በሩ ተከፈተና አንዲት ልጅ አባቷን ደግፋ ገባች፤ ሰውዬው ግንባሩን በፎጣ ይዟል። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ራጅ የት ነው የሚነሳው ብላ ጠየቀች። ጋሽ ቆዩ ጫማውን በእግሩ ጣት እየፈለገ ተነሳ፣ ጉልበቱ ጮኸ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር ሲል እኔ አሁንም እጽፋለሁ።

«በቃሽ አሁን» አለኝ። «መጻፉን አቁሚና ለሰውዬው ካርድ አውጪለት።»